ሻንጣው የማን ነው?

በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከአባላት አንዷ ያቀረበችው ንግግር ነው። በአባላት ጥያቄ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሎ ወጥቷል።



ዛሬ የምናገረው ስለ ወንጀል ልቦለድ ነው። የስብሰባው ጥሪ የደረሳት አንዷ እህታችን፣ «ስለ ቁጠባ ትነግረናለች ብዬ ስጠብቅ ስለ ዕፅ ነጋዴ ልታወራልን ነው እንዴ?» ብላ ስቃብኛለች። አልፈርድባትም። እኛ በርበሬ ቀንጥሰን፣ ሽሮ አስፈጭተን፣ ድርቆሽ አስጥተን የምናድር ሴቶች ነን። ኮኬይን የሚባለውን ነገር በዓይኑ ያየ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ግን እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኛው ማሸጊያ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያርፈው።

ከቅዳሜ ንባባችን ልጀምር፤ ደጋፊዎቻችን ላታውቁት ትችላላችሁ። ቅዳሜ ሥራ ካለቀ በኋላ ቡና ይፈላል፤ አንዷ ታነባለች፣ ሌሎቻችን እንሰማለን። የተጀመረው የጎልማሶች ትምህርት የጨረሱ እናቶች ፊደሉ እንዳይጠፋባቸው ተብሎ ነው። መጀመሪያ ላይ የጤና ጽሑፍና የቁጠባ መመሪያ ይነበብ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግማሻችን እንተኛ ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን አንዷ ከቤቷ የማሞ ውድነህን ትርጉም «የኛ ሰው በደማስቆ»ን ይዛ መጣች። ከዚያ በኋላ የተኛ የለም።

መጽሐፉ እውነተኛ የስለላ ታሪክ ነው። እስራኤላዊው ሰላይ ሀብታም ነጋዴ መስሎ ደማስቆ ይገባል፤ የባለሥልጣናቱ ወዳጅ ይሆናል፤ ቤቱ እየጋበዘ ያበላቸዋል፣ ያጠጣቸዋል፣ ምስጢራቸውንም እየሰማ ወደ አገሩ ያስተላልፋል። በመጨረሻ ተይዞ እ.ኤ.አ. በ1965 ደማስቆ ላይ በስቅላት ተቀጣ። አንብበን ስንጨርስ ተጣላን ማለት ይቻላል። ግማሻችን «ለአገሩ የሠራ ጀግና ነው» አልን፤ ግማሻችን ደግሞ «አብሮት የበላውን ሰው አሳልፎ የሰጠ ምን ጀግና ነው?» አልን። ክርክሩ ለሁለት ቅዳሜ ዘለቀ። ከመጽሐፉ ውስጥ ጎልቶ የቀረብን ሽጉጡም ሬዲዮውም አልነበረም፤ ያ ሁሉ ግብዣ ነበር።

በቴሌቪዥንም «ሰው ለሰው»ን ያላየ ማን አለ? አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ እንዴት እንዳንገበገበን ታስታውሳላችሁ። በውጭ ሲታይ የተከበረ ባለሀብት፣ ጓዳው ሲገለጥ ሌላ። እኔም በእነዚህ ተነሣሥቼ አንድ ታሪክ ጻፍኩ። አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ ጨለማ መጋዘን አለ። ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ሽጉጥ የታጠቀ የዕፅ ነጋዴ አለ። ከባሕር ዳር የሄደች የዋህ ልጅ አለች፤ ያታልላትና ሻንጣ ያሸክማታል። ሦስት ቅዳሜ አነበብኩት። ተጨበጨበልኝ። አንዲት እናታችን ብቻ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ሲኒያቸውን ይዘው ዝም አሉ።

ቆይተው፣ «ልጄ፣ ደግ ጽፈሻል። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ይቺ ልጅ ሰውዬውን ለምን አመነችው?» አሉኝ።

«አታለላታ፣ እትዬ።»

«ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ሽጉጥ ታጥቆ፣ ጨለማ ቤት ውስጥ የሚያናግርሽን ሰው አንቺ ታምኚዋለሽ?»

«ኧረ አላምነውም።»

«እኔም አላምነውም። እሷ ታዲያ ምን ነክቷት አመነች? እኔን በዕድሜዬ የከዱኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛዋ የልጄ የክርስትና እናት ናት፤ አንደኛው ወንድሜ ነው። ሁለቱም መነጽር አላደረጉም።»

ሁላችንም ሳቅን። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» እያልን አድገን፣ እኔ የማያምኑትን ፈረስ ነበር የጻፍኩት።

ስለዚህ ታሪኩን ቀድጄ እንደገና ጀመርኩ። መጋዘኑንም ሽጉጡንም አወጣሁ። በምትኩ ሁለት ልጆች ጣና ዳር አስቀመጥኩ። እናቶቻቸው አንድ ግቢ ተከራይተው ይኖራሉ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት መልስ ሐይቁ ዳር ለሚናፈሰው ሰው ለውዝና ቆሎ ይሸጣሉ፤ ዝናብ ሲመጣ አንድ ነጠላ ለሁለት ይከናነባሉ። ሲያድጉ አንደኛዋ አዲስ አበባ ትገባለች፣ ሁለተኛዋ እዚሁ ትቀራለች። የሄደችው ሲያልፍላት ጓደኛዋን አልረሳችም። የጓደኛዋ እናት ሲታመሙ የሕክምናውን ከፈለች። ሲሞቱም መጥታ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ አብራት ተቀመጠች።

እዚህ ስደርስ እጄ እንቢ አለኝ። ይህችን ሴት አሁን እንዴት አድርጌ ከዳተኛ ላድርጋት? ደግነቷ የማስመሰል አይደለም፤ እውነተኛ ነው። ለቀስተኛ ሆና ስታለቅስ ከልቧ ነው ያለቀሰችው። ብዙ ቀን ካሰብኩ በኋላ ግን መልሱ እዚያው እንዳለ ገባኝ። እንዲህ ያለች ጓደኛ አንድ ቀን መጥታ፣ «እባክሽ ይህቺን ዕቃ አድርሺልኝ» ብትል ማን እንቢ ይላታል? ውለታዋ አፍ ይይዛል። «ምንድን ነው ውስጡ?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ነውር ይሆናል።

ከዳችበት ምክንያትም ስስት ብቻ አልሆነልኝም። በታሪኬ ውስጥ የሄደችው ልጅ ትልቅ ነጋዴ አይደለችም። እሷም መጀመሪያ ተሸካሚ ነበረች። አንድ ጊዜ የያዘችው ዕቃ ጠፋባት። ባለቤቶቹ ኪሣራውን እሷ ላይ ጻፉት። «ገንዘብ ከሌለሽ ሰው አምጪ» አሏት። የምታመጣው ሰው ፖሊስ የማያውቀው፣ ፓስፖርቱ ንጹሕ፣ የማይጠይቅ፣ የማይጠራጠር መሆን አለበት። እንዲህ ዓይነት ሰው ገበያ ላይ አይገኝም። የሚገኘው ወዳጅ ቤት ነው።

እህቶቼ፣ ይህ ልቦለድ ነው። ግን ንግዱ እውነትም የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። እኛ ለነጋዴ በዱቤ በርበሬ ሰጥተን ቢክደን ሽማግሌ እንልካለን፤ ካልሆነም ፍርድ ቤት እንሄዳለን። ዕፅ የሚያዘዋውር ሰው ማንን ይከሳል? ውል የለው፣ ደረሰኝ የለው፣ ዳኛ የለው። ስለዚህ መያዣው ሰው ነው። ከላይ ባለ ዕቃው አለ፤ ከሥሩ ደላላው፤ ከደላላው ሥር ሰው መልማዩ፤ ከሁሉም በታች ተሸካሚዋ። ባለ ዕቃው ሁሉን ያውቃል፣ ዕቃውን ግን አይነካም። ተሸካሚዋ ዕቃውን ትይዛለች፣ የምታውቀው ግን የለም። ትርፉ ወደ ላይ ይወጣል፣ እስሩ ወደ ታች ይወርዳል።

«ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ ነው» እንዳትሉ። ኮኬይን የሚሠራበት ኮካ የሚባለው ተክል በኮሎምቢያ፣ በፔሩና በቦሊቪያ ነው የሚበቅለው። ወደ እስያ ሲጓዝ ግን በእኛ ቦሌ በኩል የሚያልፍበት ጊዜ አለ። አየር መንገዳችን ከሳኦ ፓውሎ እስከ ጓንዡ ይበራል። መንገዱ የተዘረጋው ለነጋዴ፣ ለተማሪና ለሠራተኛ ነው፤ አዘዋዋሪውም ይጠቀምበታል። በሆዳቸው የዋጡ፣ በሻንጣ የደበቁ፣ በጫማ ሶል የሸሸጉ የልዩ ልዩ አገር መንገደኞች ቦሌ ላይ መያዛቸውን ፖሊስ በየጊዜው ያስታውቃል።

በ2011 ዓ.ም. አገር ሁሉ የተነጋገረበትንም ጉዳይ ታስታውሳላችሁ። የተማረች፣ ሥራ ያላት ወጣት ኢትዮጵያዊት ቻይና ስትገባ፣ በሻንጣዋ ከያዘችው የሻምፖ ዕቃ ውስጥ ኮኬይን ተገኘ ተብላ ታሰረች። ቤተሰቧና ወዳጆቿ፣ «ሻምፖውን አድርሺልኝ ብላ የሰጠቻት ጓደኛዋ ናት፤ ውስጡ ያለውን አታውቅም» ብለው ጮኹ። በአገር ውስጥም በውጭም ያለ ሕዝብ ፊርማ አሰባሰበላት። ስሟን እዚህ አልጠራም፤ የሰው ልጅ ናት፣ እናትም አላት። እኔ ግን ያኔ ዜናውን ስሰማ ያሰብኩት ስለ ሻምፖው ነበር። ሽጉጥ ሰጥተዋት ቢሆን አትይዝም ነበር። የማይታወቅ ዱቄት በላስቲክ ሰጥተዋት ቢሆንም አትይዝም ነበር። ሻምፖ ግን ማን እንቢ ይላል? የቻይና ሕግ ምን ያህል ከባድ እንደሆነም አስቡ፦ 50 ግራም ሄሮይን፣ ማለትም ከአራት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ብዙም የማይበልጥ ነገር ማዘዋወር፣ ከ15 ዓመት እስራት ጀምሮ እስከ ሞት ቅጣት ያደርሳል።

ለእኛ ደግሞ ከኮኬይን የበለጠ የሚቀርበን ነገር አለ፤ ጫት ነው። በከተማችን ዙሪያ ይበቅላል፣ በጠራራ ፀሐይ ይሸጣል፣ በሕጋችን አልተከለከለም። ብዙ ቤተሰብም እንጀራውን የሚያገኘው ከእሱ ነው። እንግሊዝ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ከልክላዋለች፤ ቻይናም በዚያው ዓመት ቁጥጥር ከምታደርግባቸው አደንዛዥ ነገሮች ተራ አስገብታዋለች፤ አሜሪካም አይገባም። ስለዚህ ደርቆ ይፈጫል፤ «ሻይ ቅጠል ነው»፣ «ሒና ነው»፣ «ሽፈራው ነው» እየተባለ ይላካል። ከመናኸሪያ ስትነሣ ንጹሕ ነጋዴ የነበረች ሴት፣ አውሮፕላን ስትወርድ ዕፅ አዘዋዋሪ ትባላለች። በሻንጣዋ ውስጥ የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው ያረፈችበት አገር ሕግ ነው። የደረቀና የደቀቀ ጫት ከኮሰረት አጠገብ ቢቀመጥ፣ ሥራ የበዛባት ሴት በአንድ ዓይን ዕይታ ትለየዋለች?

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ይህን ከሥራ አመራሩ በቀር ለማንም አልተናገርኩም።

ሁለት ዓመት ይሆነዋል። ፋሲካ የተቃረበበት ሳምንት ነበር፤ የውጭ አገር ትእዛዝ የሚበዛበት ጊዜ ነው። ሌሎቹ ወፍጮ ቤት ሄደው እኔ ብቻዬን ማሸጊያው ጋ ነበርኩ። የልጅነት ጓደኛዬ መጣች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን ነን፤ እኔ ስወልድ ገንፎ ያገነፋችልኝ እሷ ናት። በጥቁር ፌስታል አራት ኪሎ የሚሆን ነገር ይዛለች።

«እናቴ ያዘጋጀችው በርበሬ ነው» አለችኝ። «ነገ ማታ የምትበር ልጅ አለች፣ ይዛልኝ ትሄዳለች። በእናንተ ላስቲክ አሽጊልኝና ስቲከራችሁን ለጥፊበት። የድርጅት ከሆነ ኤርፖርት ላይ አያስቸግሯትም። የማሸጊያውን እከፍላለሁ።»

እህቶቼ፣ ምን ያልኳት ይመስላችኋል? «እሺ» ነው ያልኳት። ምንም ጥርጣሬ አልነበረኝም። ማሽኑን ሰካሁ፣ ሚዛኑን አጸዳሁ፣ ላስቲክ አወጣሁ። ስቲከሩን ልወስድ ስል ግን ስቲከሩና ማኅተሙ ያሉት ባለ ሦስት ቁልፉ ሳጥን ውስጥ ነው። አንዱ ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤ ሁለቱ ሌሎች እህቶች ጋ ናቸው። ለአንዷ ደወልኩላትና ነገሩን ነገርኳት።

«ማን የፈጨው ነው?» አለችኝ።

«የጓደኛዬ እናት።»

«ታዲያ እኛ ያልፈጨነው ላይ ስማችን ምን ይሠራል?»

መልስ አጣሁ። ስልኩን ዘግቼ ለጓደኛዬ፣ «ስቲከሩ አይሆንም፤ ከፈለግሽ ፌስታሉን ከፍተን አይተን ያለ ስቲከር ላሽግልሽ» አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። «አላመንሽኝም ማለት ነው?» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ዕቃዋን አንሥታ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነጋገርንም። ባለፈው ዓመት አንድ ልቅሶ ቤት ተገናኝተን ሌላ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

በፌስታሉ ውስጥ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ንጹሕ በርበሬ ነው፤ እናቷ ባለሙያ ናቸው። እንደዚያ ከሆነ የልጅነት ጓደኛዬን በአንድ ስቲከር ምክንያት አጥቻታለሁ። ምናልባትም እሷ በርበሬ ነው ተብሎ የተሰጣት፣ እሷም ያመነች ነበረች። ሦስተኛውን ማሰብ አልወድም። ሌሊት ስነቃ ሦስቱም ይመጡብኛል።

ያዳነኝ ብልኅነቴ ነው ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። እኔ እሺ ብዬ ነበር። ያስቆመኝ ቁልፉ ነው።

ሳጥኑ የመጣ ጊዜ የሆነውን አሮጌዎቹ አባላት ታስታውሳላችሁ። አብዛኞቻችን አኩርፈን ነበር። «ሌባ መሰልናቸው ወይ? በእቁብ፣ በእድር፣ በጽዋ ስንተማመን የኖርን ሴቶች ሦስት ቁልፍ ምን ያደርግልናል?» ብለን ነበር። ያኔ እትዬ ተነሥተው የተናገሩትን እኔ እንደ ቀልድ ነበር የሰማሁት። «ቁልፉ ለሌባ አይደለም፤ ሌባማ ሳጥኑን ተሸክሞ ይሄዳል። ቁልፉ የተሠራው ለወዳጅ ነው» ነበር ያሉት። አሁን ነው የገባኝ። እቁባችንስ ቢሆን መቼ ያለ ምስክር ኖረ? ጸሐፊ አለው፣ ዳኛ አለው፣ ዕጣው በሰው ፊት ይወጣል፣ ገንዘብ የሚወስድ ዋስ ይጠራል። እኛ የምንተማመነው በሰው ፊት ነው። የዚያኛው ንግድ መተማመን ግን «ለማንም እንዳትነግሪ» ብሎ ይጀምራል። ጓደኛችን አንድ ነገር እንድንሠራላት ጠይቃ፣ ሦስተኛ ሰው እንዳይሰማ ከፈለገች፣ እዚያች ላይ ቆም ማለት ይገባናል። ጓደኛዬ ስልክ እስክደውል ድረስ ደኅና ነበረች። የተቆጣችው ሌላ ሰው ከሰማ በኋላ ነው። ይህ ማስረጃ አይደለም፤ እኔ ግን ልረሳው አልቻልኩም።

ስለ ሕጉም ጥቂት ልበል። በአገራችን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 መሠረት አደንዛዥ ዕፅ ማምረት፣ ማዘዋወርና መሸጥ በጽኑ እስራትና በገንዘብ መቀጮ ያስቀጣል። ዳኛ ሰው ያወቀውንና ያሰበውን ይመረምራል፤ ሆኖም ልብን ከፍቶ ማየት አይችልም፣ የሚያየው ማስረጃ ነው። አውቶቡስ ፍተሻ ላይ ቆሞ ሁላችንም አይተናል። ፈታሹ ሻንጣ አንሥቶ፣ «የማን ነው?» ሲል ዝም የሚባልበት ጊዜ አለ። ያ ዝምታ ተሳፋሪውን ሁሉ ያስጨንቃል። አውሮፕላን ላይ ግን ዝም ማለት የለም፤ ሻንጣው ላይ የአንቺ ስም ታትሟል። «የኔ ነው፣ ውስጡ ያለው ግን የሌላ ነው» ብሎ ማስረዳት፣ በማታውቂው ቋንቋ፣ በማታውቂው አገር፣ የሰጠችሽ ሴት ስልኳን በዘጋችበት ሰዓት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት።

ስለዚህ ልጆቻችን ዱባይም፣ ቤይሩትም፣ ጓንዡም ሲሄዱ እንዲህ እንበላቸው። ራስሽ ያልገዛሽውንና ራስሽ ያላሸግሽውን አትያዢ። ከፋብሪካ እንደወጣ የታሸገ የሚመስለውም ቢሆን ያው ነው። ኤርፖርት ላይ፣ «ሻንጣሽን ራስሽ ነሽ ያዘጋጀሽው? ዕቃ የሰጠሽ ሰው አለ?» ተብለሽ ስትጠየቂ እውነቱን ተናገሪ፤ ጥያቄው ለወግ አይደለም። የያዝሽውን ዕቃ ከጠረጠርሽ ከመፈተሽሽ በፊት ራስሽ ለፖሊስ ንገሪ። ማን እንደሰጠሽ፣ መቼ እንደሰጠሽ፣ ምን እንደጻፈችልሽ የሚያሳየውን የስልክ መልእክት አታጥፊ። በውጭ አገር ብትያዢ ደግሞ አስተርጓሚ ጠይቂ፤ በማታነቢው ቋንቋ የተጻፈ ቃል ላይ አትፈርሚ፤ ኤምባሲዬ ይነገርልኝ በይ። እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት በአንቀጽ 36 ስለዚህ መብት ይናገራል።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከእኛ እጅ የሚወጣ እያንዳንዱ እሽግ የተፈጨበት ቀንና ተራ ቁጥር ይኑረው፤ ቁጥሩም መዝገባችን ላይ ይገኝ። አንድ ቀን አንድ ፖሊስ የእኛን ስቲከር ይዞ ቢመጣ፣ «ይህ የእኛ ነው፣ ያ የእኛ አይደለም» ብለን መጽሐፍ ገልጠን እንድናሳየው ነው። የሃምሳ ሴቶች ስም በአንድ ኪሎ በርበሬ ላይ እንዳይጠፋ ነው። ሁለተኛው፣ ከአባሎቻችን ወይም ከልጆቻቸው አንዷ ስትጓዝ ሁለት ሴቶች ቤቷ ሄደው ሻንጣ ስታዘጋጅ አብረዋት ይቀመጡ። ቡና ይፈላ፣ ይመረቅ፣ ይሳቅ፤ ግን ዕቃው ሁሉ በዓይን ይታይ። ያን ጊዜ «አድርሺልኝ» የሚላትን ሰው፣ «ወይ እኅት ዓለም፣ እነ እትዬ ካላዩት አይገባም» ማለት ትችላለች። እንቢታው የእሷ አይሆንም፤ የማኅበሩ ይሆናል። እኔ ያን ቀን እንዲህ የምለው ነገር ቢኖረኝ ኖሮ፣ ምናልባት ጓደኛዬ እኔን አትቀየመኝም ነበር።

ደጋፊዎቻችንንም አንድ ነገር ልለምን። መፍጫና ማሸጊያ ማሽን ስትሰጡን ደስ ብሎናል። ለቅዳሜ ንባባችንም መጽሐፍ አስቡልን። የጤና መመሪያውን አንጠላም፤ ግን የወንጀል ታሪክ ቢጨመርበት የሚተኛ አይኖርም። ይህን ሁሉ ያመጣው አንድ ታሪክና አንድ የእትዬ ጥያቄ መሆኑን አይታችኋል።

ታሪኬ እንዴት እንደሚያልቅ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ገና አላለቀም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ልጅቷ ቦሌ ቆማለች፤ ፈታሹ ሻንጣውን ከፍቶ፣ «የማን ነው?» ይላታል። ጓደኛዋ ከመስተዋቱ ወዲያ ሆና ታያለች። ሊሸኟት የመጡት ሁሉ እጃቸውን ያውለበልባሉ። ወይ ትመለስና ትናገራለች፣ ወይ ፊቷን አዙራ ትሄዳለች። ሁለቱንም ጽፌ አነበብኩላችሁ። አብዛኞቻችሁ «ትሄዳለች፣ ሕይወት እንዲህ ነው» አላችሁ። እትዬ ብቻ፣ «ትመለስ። ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ የተቀመጠች ልጅ ናት» አሉ። እስካሁን አልወሰንኩም።

በመጨረሻ፣ ይህ ንግግር በመጽሔታችን ይወጣል ተብያለሁ። መጽሔታችን ደግሞ ብዙ ቤት ይገባል። ጓደኛዬ፣ ይህን የምታነቢ ከሆነ ስምሽን ለማንም አልተናገርኩም። ቅዳሜ ቡና አለ። የእናትሽን በርበሬ ሳይፈጭ ዛላውን ይዘሽ ነዪ። አብረን እንቀነጥሰዋለን፣ አብረን እናስፈጨዋለን፤ ስቲከሩንም በሦስቱ ቁልፍ ከፍተን እኔው ራሴ እለጥፍልሻለሁ።